የማይበላው አተርና የአባትሽ ቁምሳጥን

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6፣ ከምሳ በኋላ
ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

ሩቅ ላለሽው ቅርቤ፣ ለልጄ፤

ይህን ፖስታ ስታዪ ክው እንዳትዪ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም፣ ቤቱም በቦታው አለ። ፈርሶ የነበረው ቁምሳጥኑ ብቻ ነው፤ እሱም ተመልሶ ቆሟል።

ሐሙስ ዕለት በስልክ ያን ያህል አውርተን ዛሬ ደብዳቤ መጻፌ ግራ እንደሚገባሽ አውቃለሁ። ልነግርሽ ደጋግሜ ጀምሬ ነበር። ግን እኔ በስልክ ስናገር ከመሃል ነው የምጀምረው፤ አንቺ ደግሞ ከመሃል የተጀመረ ነገር ስትሰሚ ሁልጊዜ መጥፎውን ጫፍ ነው የምትይዢው። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልሽ። ሻይሽን ቅጂና ቁጭ በይ። ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታነቢ፤ አመልሽን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ያዘዝሽኝ ነገር። አባትሽ የጣውላ ማድረቂያውን መጠለያ ዘንድሮ ዳገቷ ላይ ሊሠራ ነው፣ ችካሉንም ተክሏል ብዬ የነገርኩሽ ጊዜ «እንግዲያው ቢያንስ ዘሩን ልቀሚልኝ እማዬ፤ ከረጢቱ ሲጠቁር፣ ሳይፈነዳ» አልሽኝ። እናንተ ዘር ስትሰበስቡ የምትውሉት ሰዎች በምን ስም እንደምትጠሩት አላውቅም፤ እኔ ፍሬው የተደረደረበትን ያን ቀጭን ነገር ከረጢት ብዬዋለሁ። ለቅሜልሻለሁ። ከወርክሾፑ ጀርባ ያለችው ዳገት በእኔ ዕድሜና በእኔ ውፍረት የምትወጣ እንዳልሆነች ታውቂያለሽ። ድንጋዩ ልቅ ነው፣ አፈሩ አመድ ነው፣ ቢጨብጡት የሚይዝ ሣር የለም። ስወጣ በእግሬ ነው የወጣሁት፤ ስወርድ ግን በምን እንደወረድኩ ቀሚሴ ይመሰክራል።

አበባው ግን ልጄ፣ ዘንድሮ ሌላ ነበር። አንቺ እያለሽ እዚህም እዚያም ብቅ ይል የነበረው አሁን ዳገቷን አልብሷታል። ጠዋት ጠዋት ስፌቴን ይዤ በመስኮት አየው ነበር። አዲስ የፈካው ሐምራዊ፣ ሰንበት ያለው ሰማያዊ፣ ሁለቱም በአንድ ዘንግ ላይ። ንብ የጎበኘችው ነው ቀለሙን የሚለውጠው ብለሽ ነግረሽኝ ነበር። እኔም ንቦቹን ሳያቸው ወደ ሰማያዊው ዞር ብለው አያዩም፤ ቀጥ ብለው ወደ ሐምራዊው። ሰው ያለበትን ቤት ሳያንኳኩ የሚያልፉ ጨዋ እንግዶች ይመስላሉ። ደግሞ እንዳልሽው ነው፤ ማንም በማይፈልገው አፈር ላይ ነው የሚደላው። ከግቢው በታች፣ እኔ ፍግ ያፈሰስኩበት የጎመን መደብ ጠርዝ ላይ፣ አንድም አልበቀለም።

ሰፈሩ ሁሉ «የማይበላው አተር» እንደሚለው አልረሳሽም። አባትሽም በዚያው ስም ነበር የሰደበው፤ ልትሄጂ ሰሞን። አንቺ «ዳገቷን አትቆፍራት፣ ይሄ አተር ከእኛ በፊት እዚህ ነበር» ስትዪ፣ እሱ «የማይበላ አተር ምን አተር ነው? ከአባትሽ እንጀራና ከአረም አረሙን መረጥሽ» ሲል፣ እኔ መሃላችሁ መቀሴን ይዤ ቆሜ ነበር። ተኳርፋችሁ ተለያያችሁ። ቢሆንም መጀመሪያ ሰሞን ስትደውዪ ስልኩን ይቀበል ነበር። ከዚያ ያቺ ቀን መጣች። ውሌ ተራዝሟል፣ ዘንድሮ አልመጣም፣ እንዳትቀየመኝ አባዬ ብለሽ፣ እሱ «ጥሩ ነው፣ ጎሽ» ያለሽ ቀን። እያለቀስሽ ነገርሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ሲጠራ ሥራ ያገኛል። «ሰላም በያት» ይልና ይወጣል። እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሆነ፤ አንቺም ፈቃድሽ በመጣ ቁጥር «እሱ ካልፈለገኝ መጥቼ ምን አደርጋለሁ?» ትያለሽ። እኔም አንዴ ለእሱ አንዴ ላንቺ ሳስታርቅ፣ የሁለታችሁን ግትርነት ስወቅስ ከረምኩ።

አሁን ወደ ቁምሳጥኑ።

የለቀምኩትን ትሪ ላይ ዘርግቼ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐይ በመስኮቱ ቀጥ ብላ የምታገኘው እዚያ ነው፤ አይጥም አይደርስበትም። ከዚያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትዕዛዝ መጣብኝና ረሳሁት። ጨርሶ ረሳሁት ነው የምልሽ።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ደንበኞች መጡ። ሊጋቡ ያሉ ልጆች ናቸው፤ የሙሽራይቱ እናትም አብራቸው አለች። ፊቷን ስታዪው ዕቃ ሳትመልስ ገዝታ የማታውቅ ሴት መሆኗ ያስታውቃል። ቁምሳጥን ሊያሠሩ ነው። አባትሽ ደግሞ ናሙና ሲጠየቅ ወዴት እንደሚወስድ ታውቂያለሽ፤ ሳሎን አስገባቸው። ሻይ ቀዳሁ። እሱ የሠርጋችንን ቁምሳጥን በመዳፉ እየዳበሰ ጀመረ።

«ይሄን የሠራሁት እኔና እሷ ስንጋባ ነው። አንድ ሚስማር የለበትም። ክረምት መጣ በጋ ሄደ፣ አንድ ቀን ድምፅ አሰምቶ አያውቅም።»

ጧ አለ ቁምሳጥኑ።

የሙሽራይቱ እናት ሻይዋን ከከንፈሯ መለሰች። አባትሽ ፈገግ እንዳለ ቀጠለ። «እንጨት ሲበደል ይናገራል። በደንብ ያልደረቀ ጣውላ ከተቀላቀለበት ይጮሃል። ይሄ ግን...» ጧ፣ ጧ። «ይሄ ግን ዝም ነው።»

ሙሽራው ሙሽራይቱን አየ፤ ሙሽራይቱ ጫማዋን ታያለች፣ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ ቆሌዬ ተገፈፈ። አንድ ነገር ልበል ብዬ አፌን ስከፍት አባትሽ እጁን አነሳ።

«እስቲ ሁላችሁም ዝም በሉና አድምጡት።»

ዝም አልን። ምን ምርጫ አለን? ፀሐይዋም ያን ሰዓት ነበር ደህና አድርጋ የገባችው መሰለኝ፤ ቁምሳጥኑ እንደ ፈንዲሻ ድስት ተንጣጣ። አባትሽ ሁለት እጁን ዘርግቶ በኩራት «ሰማችሁ?» አላቸው።

«ሰማን» አለች የሙሽራይቱ እናት።

«አስበንበት እንመለሳለን» ብለው ወጡ። አስበንበት ያለ ደንበኛ ተመልሶ አያውቅም። አባትሽ ከበር ሸኝቷቸው ተመለሰና «ምን ሆነው ነው ፊታቸው የተለወጠው?» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁምሳጥንህ እኮ እየተሰነጠቀ ነው። አልሰማህም?» አልኩት።

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። የተናደደ ነበር የመሰለኝ። «ሰምቻለሁ። አየሩ ነው» አለ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳና መሮውንና መዶሻውን ይዞ ገባ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው ልጄ። ሙሉውን ሊፈታው ነው። እኔ ልብሱን አወጣሁ፣ ትሪውንም አንስቼ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ፣ እዚህ አሁን የምጽፍልሽ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። አሁንም አልገባኝም፤ ትሪው መሆኑ በሐሳቤ አልመጣም። ሁለታችንም ቁምሳጥኑን ነበር የጠረጠርነው። የእንጨት ሠሪ ቤት አይደል? ቤቱ ውስጥ ጧ ያለ ነገር ሁሉ እንጨት ነው።

አንዱን ጣውላ ከሌላው እያላቀቀ፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይዳስሳል። የላይኛውን ጉልላት ሲያነሳ ጥቂት ጥቋቁር ፍሬዎች አገኘ። «አይጥ ነው» ብሎ ወደ ጎን ጣላቸው። ከሰዓት በኋላ ቁምሳጥናችን ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ የጣውላ ክምር ሆነ። አባትሽም መሃሉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባው ወደ ስፌት ጠረጴዛዬ።

«ስንጥቅ የለውም» አለ። «ጣቴ አይዋሽም።»

እኔ በሩ ጋ ቆሜ «የአራት ሰው ጆሮ ነው የሚዋሸው?» አልኩት።

ይኼኔ ፀሐይዋ ዞራ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈች። ጧ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ዘለልኩ። አንዷ ፍሬ ተስፈንጥራ የአባትሽን ማጅራት መታችው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ማጅራቱን ይዞ ዞረና «ምን ትወረውሪብኛለሽ?» አለኝ።

ትሪውን አየሁ። አንዱ ከረጢት እንደ ጠጉር ተጠምዝዞ ባዶውን ተኝቷል። ሌላው ዓይኔ እያየ ተሰነጠቀና ፍሬውን መስኮቱ ላይ ረጨው። ያንቺ የማይበላው አተር ነዋ። ያን የመሰለ ቁምሳጥን ያስፈታው፣ ደንበኛ ያባረረው፣ አባትሽን ግማሽ ቀን ወለል ላይ ያስቀመጠው እሱ ነው። ሳቄ መጣ። ቆሜ መሳቅ አቅቶኝ ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ። በምልክትም በቃልም ሳስረዳው እሱም ሳቀ። አይጥ ነው ብሎ የጣላቸውን ፍሬዎች በየማዕዘኑ በአራት እግሩ እየሄደ ይለቅም ጀመር፤ እየለቀመ ይስቃል፣ እየሳቀ ይለቅማል። እንዲህ ስቀን አናውቅም፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማለቴ ነው።

መሃል ላይ ነው ሳቄን የተውኩት።

ትሪው ከአባትሽ ጆሮ በአንድ ክንድ ርቀት ነው የነበረው። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ዘልያለሁ። እሱ የዞረው ግን ስለተመታ ነው እንጂ ስለሰማ አይደለም። እያየሁት ሌላ ከረጢት ጧ አለ፤ ከጎኑ፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ትልቁን መቀሴን አነሳሁና ከኋላው ሲሚንቶው ላይ ለቀቅኩት። ፍሬውን መልቀሙን ቀጠለ።

ዞሬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የእኔ ዓይነት አፍ ያላት ሴት ቃል ስታጣ አስቢው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

አፌን እያየ ነበር። ሁልጊዜም አፌን ነው የሚያየኝ፤ እኔማ በዚህ ዕድሜዬ ከናፍሬን ወዶ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«መጋዙ ነው» አለ። «ትንሽ በትንሽ ወሰደው። ወፍራም ድምፅ ይሰማኛል። ቀጭኑ ነው የጠፋው።»

«የእኔስ ድምፅ?»

«ያንቺን ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይሄ ነገር ያጣላን ነበር።

«የልጅቱስ?» አልኩት።

መዳፉ ላይ ያሉትን ፍሬዎች ነው ያየው። «የሷ ድምፅ ቀጭን ነው። እዚህ እያለች ፊት ለፊቴ ስትሆን ይገባኝ ነበር። ስልክ አፍ የለውም። መጨረሻ ጊዜ ስናወራ ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ ነፋስ ነው የመሰለኝ፣ አንድ ቃል አልያዝኩም። ድገሚልኝ አልኳት፣ ደገመች፤ እንደገና ነፋስ። ሦስተኛ ድገሚ ማለት አፈርኩ። ጥሩ ነገር ይሆናል ብዬ 'ጥሩ ነው፣ ጎሽ' አልኳት። ከዚያ ጸጥ አለች፤ ጸጥታውም ተሰማኝ። የሆነ ነገር እንዳበላሸሁ አውቄያለሁ።»

ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀኝ። «ምን ነበር ያለችኝ?»

ነገርኩት ልጄ። አንቺ ያልሽውን ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ ነገርኩት። አልመጣም ማለትሽን፣ እንዳትቀየመኝ ማለትሽን፣ ደስ ያለው መስሎሽ እንደቀረሽ ሁሉ። ሰምቶ ተነሳና በጓሮ በር ወጣ። ዳገቷን ወጥቶ የደረቀው አተር መሃል ተቀመጠ። አባትሽ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት። አንጀቴን በላው። ሻይ አፍልቼ አመሻሽ ላይ ወጣሁለትና አብረን ጠጣን፤ ስወርድ ደግፎኝ ነው የወረድኩት፣ ቀሚሴ ተረፈች።

ለምን እንዳልነገረን ጠይቄዋለሁ። «የማይሰማ አናጢ ማሽን ላይ ማን ያስቆመዋል? ተቆጥቶ ነው ቢባል ይሻለኛል» አለ። ይኸውልሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጡ ሰው ሆኖ ያስተዳደረን ደንቆሮ መባልን ፈርቶ ነው። ቁጣውን ግን አሳምሮ ሠርቶታል፤ በእንጨት ሥራ ብቻ አይደለም ለካ ጎበዝ የሆነው።

በማግስቱ ታላቅ እህቱ፣ አክስትሽ፣ ስትመጣ ነገርኳት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለሐሜት መስሎኝ ነበር፤ ወንድሜ በቁሙ አደረገው» አለችና በክንዱ ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም ተከተልኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ ለጉድ ነው። ጠባብ ክፍል አስገብታ ጆሮው ላይ ነገር ደፍታ «ድምፅ በተሰማዎት ቁጥር እጅዎን ያንሱ አባት» አለችው። እጁ ለረጅም ጊዜ ጭኑ ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ ሳየው ጊዜ እኔ እጄን ላነሳለት ምንም አልቀረኝም። የጠፋው አይመለስም አለች፤ ግን የቀረው ደህና ነው፣ በመሣሪያ ይረዳል። በጆሮው ልክ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፤ ተራውም ረጅም ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይደርሳል ብለውናል። እስከዚያ ማሽን ላይ ሲቆም ጆሮውን የሚሸፍንበት ቀይ ነገር ተሰጠው። እሱን ደፍቶ ሲሠራ ያየው ሰፈርተኛ ሁሉ በስተርጅና ዘፈን ጀመረ ይለዋል። እሱም አላስተባበለም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ራሱን ይወዘውዛል።

የመጠለያውንም ጉድ ስሚ። ረቡዕ ጠዋት መዶሻ ሰምቼ ስወጣ፣ ዳገቷ ላይ የተከላቸውን ችካሎች ነቅሎ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ልብስ ማስጫዬ ቦታ ላይ ይተክላቸዋል።

«ልብሴን የት ላስጣ?» አልኩት ፊቱ ሄጄ።

«ዳገቷ ለጣውላ አትሆንም፣ አፈሩ ልቅ ነው።»

«ዘንድሮ ነው ልቅ የሆነው?»

ሌላ ችካል ተከለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «አተሩ ከእኛ በፊት እዚህ ነበር» አለ። ያንቺን ቃል፣ እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳያጎድል። ያን ጊዜ አረም ነው ብሎ የጮኸብሽ ሰው ነው እንግዲህ። የእኔ ልብስ በአበባ ተሸነፈ። ላንቺ ስል ዝም ብያለሁ፤ ለእሱ ግን ገና ብዙ እለዋለሁ።

ደግሞ አንድ የምጠይቅሽ አለኝ። ሰጋቱራውን ሁሉ ዳገቷ ላይ ነው የሚያፈሰው፤ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ፣ ችካሉን ከተከለ በኋላም ሳይቀር። «መጣያ ቦታ ስለሌለኝ ነው» ይላል። መጣያ ያጣ ሰው ግን ተንበርክኮ ከየግንዱ ሥር ሰጋቱራውን በእጁ ገለል አያደርግም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሳጣድፈው ምን አለኝ መሰለሽ? ሰጋቱራ ሣሩን እንጂ አተሩን አያስርበውም፣ አተሩ ሥሩ ላይ ስንቅ አለው ብለሽ ድሮ እራት ላይ ነግረሽው ነበር አሉ። እኔ አላስታውስም። እሱ ግን ሰምቶታል። ሣሩ ሲጠፋ አተሩ ቦታውን ወርሶ፣ አበባው ዘንድሮ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። እውነት ነው ወይስ አበላሽቶታል? ለእሱ መልሺለት።

ዘሩን በተመለከተ፣ ትሪው ላይ የቀረውን በብልቃጥ አስቀምጬልሻለሁ። ከቁምሳጥኑ ሥር የለቀመውን ግን አልሰጠኝም። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ካልተፋቀ ቶሎ አይበቅልም ብለሽው ነበር መሰለኝ፤ እያንዳንዷን ፍሬ በብርጭቆ ወረቀት፣ በቀጭኑ፣ የወንበር እግር እንደሚያለሰልስ እየፋቀ ነው። ሲጨርስ ዳገቷ ላይ ሣር የያዘበት ዳር አለ፣ እዚያ ሊበትነው ነው። እኔ ፍሬ ሲያለሰልስ የሚውል አናጢ አገባሁ ብዬ ለማን ልንገር?

የሙሽራይቱን እናት አልረሳኋትም። ሱቅ እንዳላት አጠያይቄ፣ ትሪውን ይዤ እዚያ ድረስ ሄድኩና ፊቷ ላይ አንዱን አፈነዳሁላት። ያቺ የተኮሳተረች ሴት ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ታየ። ቁምሳጥኑን አዘዋል፤ አተር የሌለበት ይሁን ብላለች።

አሁን ወደ ዋናው። አባትሽ መልእክት አለው፤ እንዳለው ነው የምጽፈው። «ያን ቀን የነገረችኝን እንደገና ትጻፍልኝ። ዓይኔ ደህና ነው። አሁን አስቤ እመልስላታለሁ» ብሏል። ስለዚህ ለእሱ ለብቻው ጻፊለት። በእኔ ደብዳቤ ጫፍ ላይ አባዬን ሰላም በይልኝ የሚል አይደለም የምልሽ። ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው፤ እንዳሻሽ አሳንሰሽ ጻፊ፣ ብቻ አብዢው። ከወርክሾፑ በር ላይ የፖስታ ሳጥን ሠርቶ ሰቅሏል፤ አንድ ሚስማር የለበትም አሉ። ፖስታ ገና ሳይላክ ጠዋት ጠዋት ከፍቶ ያየዋል።

ልጄ፣ ያለሽበት አገር ብርዱ ይራራልሽ። የያዝሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። ድንጋይ ላይም ብትወድቂ እንደዚያ አተር የምትበቅዪ ያድርግሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ደግ ሰው አይጥፋብሽ።

ድምፅዋ ጆሮ የማያስፈልገው
እናትሽ

ይህን ከታች ያለውን አባትሽ አላየውም። እስከ ፊርማዬ ድረስ አንብቦ፣ «ስለ ጀርባዬ የጻፍሽውን ሰርዢ» ብሎኝ፣ እምቢ ብዬው፣ ቀዩን ነገር ደፍቶ ወደ ሥራው ሄዷል። ቁምሳጥኑን መልሶ እንደገጠመው ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ፣ ከተገጠመ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ይላል፤ ከሳሎን እስከ ጓሮ ነው የሚሰማው። እሱ በቀን ስንት ጊዜ በኩራት ከፍቶ ይዘጋዋል፣ «ዝም ነው» ይለኛል፣ እኔም «ዝም ነው» እለዋለሁ። ማጠፊያውን በድብቅ የሻማ ሰም እየቀባሁት ነው፤ እስካሁን አልበጀም። መሣሪያው ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል፤ ዳገቷም የምታብበው ያኔ ነው። ጆሮው ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው ያ ቁምሳጥን እንዲሆን አልፈልግም። አንቺ ሁኚ። በስልክ አይደለም፤ እዚህ፣ ከአጠገቡ ቆመሽ።